ኦርካን ከኦርካ በምን ይለዩታል? (ውርርድ ያለበት ጥያቄ ነው)

የአራዳው_ልጅ | ማክሰኞ፣ ማታ 2:15

ሰላም ለሁላችሁ። ፍርድ ፈልጌ ነው የመጣሁት።

ትናንት ማታ ፒያሳ አንድ ጁስ ቤት ከጓደኛዬ ጋር ቁጭ ብለናል። ዝናቡ አላስወጣ ብሎናል። ቴሌቪዥኑ ላይ ስለ ኦርካ ፊልም ይታያል። ያ ጥቁርና ነጩ፣ "ገዳይ ዓሣ ነባሪ" የሚሉት። መቼም ለጎንደር ሰው ባሕር ማለት ጣና ነው፤ አፋችንን ከፍተን ነበር የምናየው። ከሩቅ አንድ ክንፍ ከውሃው ብቅ አለና ጠለቀ። ሁለት ሰከንድ ቢሆን ነው። ተራኪው ወዲያው "ይቺ እንትና ናት፣ እናቷ እንትና፣ ወንድሟ እንትና" ብሎ የዘር ሐረጓን ዘረዘረው።

ጓደኛዬ ሳቁ መጣ። "ለፊልሙ ማጣፈጫ ነው እንጂ ማን ያውቃታል? ሁሉም አንድ ዓይነት አይደሉ?" አለ። እኔ ያውቃሉ ብዬ ድርቅ አልኩ። በምን? ሲለኝ ግን መልስ የለኝም። የሳምንት ማኪያቶ ተወራረድን። የምታውቁ ካላችሁ አውጡኝ።

ቀበሌ_አስራስምንት | 2:21

ፋይዳ ተመዝግበው ይሆናላ። አሻራው እንዴት እንደተነሳ ግን አልገባኝም።

ባጃጅ_ነጂው | 2:40

ስለ ኦርካ አላውቅም። ስለ ባጃጅ ግን ልንገርህ። የአዘዞ መስመር ነው የምሠራው። ተራ ስንይዝ ሰላሳ አርባ ሰማያዊ ባጃጅ ይደረደራል። ለተሳፋሪ ሁሉም አንድ ነው። እኔ ግን ታርጋ ሳላይ፣ ከኋላ ብቻ አይቼ የማን እንደሆነች እነግርሃለሁ። አንዷ የኋላ መብራቷ በፕላስተር ታስራለች። አንዷ ሸራዋ በቀኝ በኩል ተሰፍቷል። አንዷ ገደል አፋፍ ላይ ተጋጭታ ጭቃ መከላከያዋ ጎብጧል። ስቲከር ግን አልቆጥርም። ስቲከር ዛሬ ይለጠፋል ነገ ይላጣል። የተመታ ቆርቆሮ ነው የማይዋሸው።

ስለዚህ ጓደኛህ ቢከፍል ይሻለዋል።

ማራኪ_ቪክቶሪያ | 3:30

የማራኪ ልጅ ነኝ። አሁን የምኖረው በካናዳ፣ ቫንኩቨር ደሴት ላይ ያለችው ቪክቶሪያ ከተማ ነው። ሰውና መኪና በሚያሻግር መርከብ ላይ ነው የምሠራው፤ ኦርካ በሥራ ሰዓት ሲያልፍ አያለሁ። ሳይንቲስት አይደለሁም። ግን እዚህ አገር ይሄ ነገር እንደ እግር ኳስ ነው፤ ሳትፈልጊም ታውቂዋለሽ።

የባጃጁ ወንድማችን ሳያውቀው መልሱን ጨርሶታል። ልክ እንደዚያው ነው።

ሁለት ቦታ ነው የሚያዩት። አንደኛው የጀርባ ክንፉ ነው። ኦርካ ለመተንፈስ ሲወጣ መጀመሪያ ብቅ የሚለው እሱ ነው። የአዋቂ ወንድ ክንፍ ቀጥ ብሎ እስከ 1.8 ሜትር ይደርሳል፤ ከሰው ቁመት አያንስም። የሴቷ ግማሹን ያህላል፤ ወደ ኋላም ይቆለመማል። ክንፉ ውስጥ አጥንት የለም። ጠርዙ በኑሮ ብዛት ይሸረፋል፣ ይሰነጠቃል። አንዴ የተሸረፈ ተመልሶ አይሞላም። ይሄ የተመታው ቆርቆሮ ነው።

ሁለተኛው ከክንፉ ሥር ወደ ኋላ ያለው ግራጫ ምልክት ነው። ስሙን ብትሰሙ ትስቃላችሁ፤ ኮርቻ ነው የሚሉት። እውነትም ፈረስ ላይ የተጣለ ኮርቻ ይመስላል። ቅርጹ ከአንዱ ወደ ሌላው ይለያያል። አንዳንዱ ድፍን ነው። አንዳንዱ ውስጥ ጥቁሩ ጣት እንደሰደደ ሆኖ ይገባበታል። በላዩ ላይ ደግሞ ጠባሳ አለ። ከዓይን በላይ ያለችው ነጭ ምልክትም ትረዳለች፤ ግን እሷን ለማየት ጭንቅላቱ መውጣት አለበት። በሌላ ኦርካ ጥርስ የተጫረ ቆዳ ግን ጊዜ ሲያልፍ ይደበዝዛል። እሱ ስቲከሩ ነው።

የአራዳው_ልጅ | 3:38

እሰይ እቴ! ማኪያቶው ሸተተኝ። ግን ይሄን ማን ነው መጀመሪያ ያሰበው? ጓደኛዬ "ድሮን ስላላቸው ነው" እንዳይለኝ።

ማራኪ_ቪክቶሪያ | 4:05

ድሮን ባልነበረበት ጊዜ ነው። ዓመቶቹን ሁሉ እንደ ፈረንጅ ቁጠሯቸው።

በ1960ዎቹ እዚህ አካባቢ ኦርካ እየያዙ ለትርኢት ይሸጡ ነበር። ሕፃናቱን ነው የሚመርጡት። ሰው ሁሉ ኦርካ በሺህ የሚቆጠር ይመስለው ነበር። ዓሣ አጥማጁ ይጠላዋል፤ ሳልሞኑን በላብኝ ይላል። የሚተኩስበትም ነበር። መንግሥት "ለመሆኑ ስንት ናቸው?" ብሎ ማይክል ቢግ የሚባል ተመራማሪ መደበ። ቢግ ምን አደረገ? ከ10 ሺህ በላይ መጠይቅ አሳትሞ ለጀልባ ነጂው፣ ለዓሣ አጥማጁ፣ ለባሕር መብራት ጠባቂው በተነ። በጁላይ 1971 በአንድ ቀን፣ ያያችሁትን ሁሉ ጻፉልኝ አለ። ሲደመር ቢበዛ 350 ቢሆኑ ነው። ሺዎቹ የሉም።

ችግሩ ግን አለ። ጠዋት እዚህ የታየው ከሰዓት እዚያ ከታየው ጋር አንድ ይሁን ሁለት በምን ይታወቃል? በ1972 ቢግና ባልደረባው ቡድን ሲከተሉ አንዷ ክንፏ ከላይ ተቆራርጦ ጉማጅ የቀረባት ነበረች። ሌላዋ ክንፏ ላይ ስንጥቅ አለባት። ቆይተው እነዚያኑ ሁለቱን አብረው ሲዋኙ አገኟቸው። እዚያ ላይ ነው ነገሩ የበራላቸው። ጉማጇ ኤ1 ተባለች፣ ባለስንጥቋ ኤ2። ከዚያ በኋላ እያንዳንዱን በጥቁርና ነጭ ፊልም እያነሱ፣ ኔጋቲቩን እያጎሉ ማመሳሰል ሆነ ሥራው። ለኤ1 እኮ ማጉያም አያስፈልግም። ችሎታው የተፈተነው ክንፉ ደህና በሆነው ላይ ነው።

የሚገርመኝ ቀጥሎ ያለው ነው። አለቆቹ ቆጠራው አልቋል ብለው ወደ ሌላ እንስሳ አዛወሩት። እሱ ግን በራሱ ጊዜ ቀጠለ። በ1990 እስኪሞት ድረስ አልተወውም።

ሒሳብ_አስተማሪ | ረቡዕ፣ ጠዋት 4:50

ጥሩ ማብራሪያ ነው። ሁለት ጥያቄ አለኝ፤ ሁለተኛው የተማሪዎቼ ነው፣ ዛሬ ጠዋት ክፍል ውስጥ አንስቼው ነበር።

አንደኛ፣ የግራና የቀኝ ጎን አንድ ነው? አንድ ካልሆነ አንዱን ኦርካ ሁለቴ ልንቆጥረው እንችላለን። ሁለተኛ፣ በስምና በቁጥር መካከል ምን ልዩነት አለው? ለምን ዝም ብሎ 1፣ 2፣ 3 አይባልም?

ማራኪ_ቪክቶሪያ | 5:10

መምህር፣ አንደኛው ጥያቄ በጣም ጥሩ ነው። አንድ አይደለም! ኮርቻው በግራና በቀኝ ሊለያይ ይችላል። ለዚህ ነው እዚህ አካባቢ ከመጀመሪያው ጀምሮ የግራውን ጎን ማንሳት ደንብ ያደረጉት። ቀኝም ከተገኘ ይነሳል፤ መዝገቡ ላይ ግን ለማነጻጸር የሚቀመጠው ግራው ነው። ጀልባውን ከእንስሳው ጎን እኩል ማስኬድ፣ ፀሐዩን ከጀርባ ማድረግ፣ ክንፉና ኮርቻው አብረው ሲወጡ መቅረጽ። እሱ ሁሉ በሁለት ሰከንድ።

ቁጥሩ ተራ ቁጥር አይደለም። ፊደሉ ቤተሰብ ነው። በደቡብ በኩል ያሉት ጄ፣ ኬ እና ኤል የሚባሉ ሦስት ቡድኖች ናቸው። ጄ35 ስትባል ከጄ ቤት 35ኛ የተመዘገበች ማለት ነው። አጥቢ እንስሳ እያደኑ የሚበሉት፣ ቲ የሚባሉት ደግሞ የበለጠ ያምራል። እናትየዋ ቲ65 ከሆነች የመጀመሪያ ልጇ ቲ65ኤ ትባላለች። የእሷ ልጅ ደግሞ ቲ65ኤ1፣ ቲ65ኤ2 እያለ ይወርዳል። ስሙን አይተህ አያቱን ታውቃለህ። እኛ በአባት ስም እንሄዳለን፣ እነሱ በእናት። አባትማ ማን እንደሆነ በፎቶ አይታወቅም፤ የዘር ምርመራ ይጠይቃል።

ጋሼ_ከደምቢያ | 6:30

ልጆች፣ በስልክ መጻፍ አይሆንልኝም፤ የልጅ ልጄ ነች የምትጽፍልኝ።

ይሄ ምን ይገርማል? እኔ በልጅነቴ ወደ ጣና ዳር ከብት ነዳሁ። የአራት ቤት ከብት አንድ ላይ ነበር የሚሰማራው። ቡሬ አለ፣ ቦቃ አለ፣ ዳለቻ አለ፣ ቀንድ የሌለው ጎዳ አለ። ግን ቡሬ ብቻ ሰባት ነበሩ። እንግዳ ሰው ቡሬ ይላል ያልፋል። እኔ ጥቁሩ ትከሻው ላይ የቆመበትንና ወደ ሆዱ የወረደበትን አውቃለሁ። ጆሮው የተሰነጠቀውን አውቃለሁ። ማታ ስመልስ አልቆጥርም ነበር። ማን እንደጎደለ ነው የማየው። ሰባት ቡሬ ብሎ የቆጠረ እረኛ የሰው ቡሬ ቀላቅሎ ሊገባ ይችላል።

አንድ ነገር ግን ልጠይቅሽ ልጄ። እኛ አብረን እንውላለን። እነዚያ በውሃ ውስጥ ናቸው። ብቅ ብሎ የሚጠልቅን እንስሳ ዕድሜ ልክ እንዴት ይከታተሉታል?

ማራኪ_ቪክቶሪያ | 7:20

ጋሼ፣ እጅ ነሥቻለሁ። "ማን እንደጎደለ ነው የማየው" ያሉት ነገር እዚህ ያሉት ሰዎች በየዓመቱ የሚያደርጉት ነው።

ሙሉ ዕድሜውን በዓይን አይከታተሉም። በየዓመቱ ተመልሰው ይሄዳሉ እንጂ። በአሜሪካ በኩል ኬን ባልኮም የሚባል ሰው በ1976 የጄ፣ የኬና የኤልን ምዝገባ ጀመረ። እሱ በ2022 ሞቷል፤ ምዝገባው ግን አልቆመም። በየዓመቱ እያንዳንዱን ፎቶ ያነሳሉ። ማን አለ፣ ማን ወለደ፣ ማን ጎደለ ብለው ያያሉ። ጠዋት ከእናቷ ጎን የነበረች ልጅ በሚቀጥሉት ጉብኝቶች ሁሉ ከሌለች፣ እናትየዋም ወንድሞቿም እያሉ እሷ ብቻ ከጠፋች፣ ሞታለች ይላሉ። ሬሳው ብዙውን ጊዜ አይገኝም። ይሄን ማለት የሚቻለው የእነዚህ ኦርካዎች ወንዱም ሴቱም ዕድሜ ልኩን ከእናቱ ስለማይለይ ነው። አግብቶ ወጣ ብሎ ነገር የለም።

አሁን ሦስቱ ቤቶች ተደምረው 70 ገደማ ናቸው። 70 ብቻ። ቁጥሩ በየዓመቱ በስም ነው የሚወጣው።

ዓሣ የሚበሉትና አጥቢ እንስሳ የሚበሉት ሁለት የተለያዩ ሕዝቦች መሆናቸውም የታወቀው በዚሁ መንገድ ነው። በአንድ ባሕር ይዋኛሉ፤ ግን በፎቶው ክምር ውስጥ የአንዱ ልጅ ከሌላው ጋር አብሮ ተገኝቶ አያውቅም። እነዚያ ሳልሞን፣ እነዚህ የባሕር ውሻ። አይጋቡም፣ አይጎራበቱም።

የደባርቅ_አስጎብኚ | 9:00

እኛም ጋ አለ እኮ። ስሜን ተራሮች ላይ ጭላዳ የሚያጠኑ ተመራማሪዎች በፈረንጅ ከ2006 ጀምሮ አሉ። ሳንቃበር አካባቢ መንጋው መሃል ቁጭ ብለው ይውላሉ። ለቱሪስቱ ሁሉም ጭላዳ አንድ ነው፤ ደረቱ ላይ ቀይ ምልክት ያለው ዝንጀሮ። እነሱ ግን በፊቱ፣ በጠባሳው፣ በጎፈሩ ለይተው በስም ያውቁታል። እኔም አብሬ ስመላለስ አንዳንዱን ለመድኩት። ጣቱ የጎደለች አንዲት ሴት ነበረች፤ እሷን ከሩቅ ነው የማውቃት።

መጀመሪያ ሁለት ሳምንት ምንም አይታይህም። ከዚያ አንድ ቀን ድንገት ሁሉም ፊት ይሆናል።

ቀበሌ_አስራስምንት | 9:06

የጎረቤቴን መንታ ልጆች እስካሁን መለየት አልቻልኩም፤ አምስት ዓመት ሆነኝ።

ተከራካሪው_ራሱ | ማታ 1:30

ይሄው መጣሁ። ስሜ ሲነሳ ዝም አልልም። ስልኬ ላይ ስቆፍር ነው የዋልኩት፣ ሦስት ነጥብ አለኝ።

አንድ፦ ጄ2 የምትባል አሮጊት ነበረች። 105 ዓመቷ ነው ብለው በዓለም አስወሩ። በ2016 ከጠፋች በኋላ ደግሞ ከ65 እስከ 80 ቢሆን ነው አሉ። አርባ ዓመት ሙሉ የተሳሳተ ሰው "ያውቃታል" ይባላል?

ሁለት፦ ከዚያ ሁሉ ርቀት ሌሊት ምን ያያሉ? ክረምትስ?

ሦስት፦ አዲስ የተወለደ ኦርካ ክንፉ አልተሸረፈም። ኮርቻው ገና አልወጣም። እሱን በምን ለዩት? ውርርዳችን "እያንዳንዱን ይለያሉ" ነው የሚለው። እያንዳንዱን!

የአራዳው_ልጅ | 1:34

አላልኩም? ይሄ ልጅ ጠበቃ መሆን ነበረበት።

ማራኪ_ቪክቶሪያ | 2:20

ተከራካሪው፣ ቤት ሥራህን ሠርተሃል፤ አከብርሃለሁ።

ጄ2ን በተመለከተ ሁለት ነገር ቀላቅለሃል። ማን እንደሆነች አንድም ቀን አልተሳሳቱም። የተሳሳቱት ስንት ዓመቷ ነው በሚለው ላይ ነው። ፎቶ ማንሳት ሲጀመር በ1970ዎቹ እሷ ትልቅ ሴት ነበረች። ከዚያ በፊት መዝገብ የለም። ስለዚህ ከአጠገቧ ያለውን ትልቅ ወንድ ልጇ ነው ብለው፣ ከእሱ ወደ ኋላ ቆጥረው ገመቱ። ግምቱ ሳተ። ከመዝገቡ መጀመር በኋላ የተወለዱት ላይ ግን ዓመቱ አይምታታም። አያቶቻችንም እኮ "የጣልያን ጊዜ ልጅ ነበርኩ" ነው የሚሉት። ማን መሆናቸው ጠፋብን?

ሌሊቱን ድምፅ ይሸፍነዋል። ባሕር ውስጥ ሃይድሮፎን ተተክሏል፣ የውሃ ማይክሮፎን ማለት ነው። ጆን ፎርድ የሚባል ተመራማሪ እያንዳንዱ ቡድን የራሱ የጥሪ ዓይነቶች እንዳሉት አሳየ፤ ቀበልኛ በለው። ከጄ፣ ኬና ኤል በስተሰሜን ያሉት ዓሣ በሊታ ቡድኖች ኤ፣ ጂ እና አር በሚባሉ ሦስት ወገኖች ይከፈላሉ። የአንዱ ወገን ጥሪ በሌላው ዘንድ የለም። ጎጃሜና ጎንደሬ በንግግሩ እንደሚለየው አይደለም፤ የእኛ ልዩነት ትንሽ ነው። ግን እውነቱን ልናገር። ድምፁ የማን ቤት እንደሆነ ይናገራል እንጂ ማን እንደሆነ አይነግርህም። ይቺኛዋ ነጥብ ግማሽ ያንተ ናት።

ድሮን ከ2014 ጀምሮ ይጠቀማሉ። እሱ ግን ከመለየት ይልቅ ጤናን ለማየት ነው የበጀው። ከላይ ሲነሳ ኦርካዋ መክሳቷ፣ ማርገዟ ይታያል። በጣም ስትከሳ ከጭንቅላቷ ጀርባ ያለው ስብ ያልቅና አንገት ታወጣለች። ኦርካ አንገት ከታየበት ጥሩ አይደለም።

ስለ ሕፃኑ ጋሼ ይመልሱልህ ብዬ ነው የተውኩት።

ጋሼ_ከደምቢያ | 2:55

ጥጃ በላሟ ነዋ የሚታወቀው። ጡት ስር ያለው የማን ነው ተብሎ ይጠየቃል?

ማራኪ_ቪክቶሪያ | 3:02

ይኸው። ሲወለዱ ነጩ ቦታቸው ወደ ብርቱካንማ ያደላል፣ ኮርቻው ደብዛዛ ነው። የሚታወቁት ከእናታቸው ጎን በመዋኘታቸው ነው። ኮርቻው እስኪደምቅ ድረስ በየጊዜው ፎቶ ይነሳሉ። ከእናቱ ጎን ራቅ እያለ መዋኘት ሲጀምር ግን መልኩ ተመዝግቦ አልቋል።

በጁላይ 2018 የሆነውን ብዙ ሰው ያስታውሳል። ጄ35 ሴት ልጅ ወለደች። ልጅቷ ግማሽ ሰዓት ያህል ኖራ ሞተች። ሬሳውን በጭንቅላቷ እየደገፈች 17 ቀን ዋኘች፤ ከ1,600 ኪሎ ሜትር በላይ። መርከባችን ላይ ሰው ሁሉ ስልኩን ይዞ ዛሬስ ጣለችው? እያለ ይጠይቅ ነበር። ማን እንደሆነች ባይታወቅ ኖሮ፣ በመጀመሪያው ቀን እዚህ የታየችውና በአሥረኛው ቀን እዚያ የታየችው አንዷ መሆኗን ማን ይናገራል? "ኦርካ ሬሳ ይዞ ታየ" ተብሎ ያልፍ ነበር። በ2024 መጨረሻ ደግሞ ሌላ ሴት ልጅ ወለደች፣ እሷም ሞተች። አሁንም ተሸከመቻት። ያቺው ጄ35።

ተከራካሪው_ራሱ | 3:15

እሺ። ይሄኛው ዝም አሰኝቶኛል።

ግን ክንፉ ደህና የሆነው፣ ምንም ያልነካው ወጣት አለ አይደል? እሱንስ?

ማራኪ_ቪክቶሪያ | 3:22

አለ። ከባድም ነው። በኮርቻው ነው የሚያዘው፤ ፎቶው ጥሩ ካልሆነ "አልታወቀም" ተብሎ ይቀመጣል። አሁን ኮምፒውተር የክንፉን ጠርዝ እያነጻጸረ ያግዛል። የመጨረሻውን ቃል ግን ብዙ ዓመት ያየ ሰው ነው የሚናገረው።

ተቃራኒውም አለ። ደቡብ አፍሪካ ሁለት ወንዶች አሉ፣ ክንፋቸው የተጣጠፈ። የአንዱ ወደ ግራ፣ የአንዱ ወደ ቀኝ ወድቋል። ፖርትና ስታርቦርድ ይሏቸዋል፣ በመርከበኛ ቋንቋ ግራና ቀኝ ማለት ነው። ትልልቅ ነጭ ሻርኮችን ገድለው ጉበታቸውን ነው የሚበሉት። እነሱን ለመለየት መዝገብም አያስፈልግ፤ ሻርኩም ያውቃቸዋል።

ሒሳብ_አስተማሪ | 3:50

ፍርድ ልስጥ? ተማሪዎቼ ነገ ውጤቱን ይጠይቁኛል።

የአራዳው ልጅ "ይለያሉ" አለ፤ ይለያሉ። ተከራካሪው "እያንዳንዱን" የሚለውን ቃል ይዟል። ጥሩ ፎቶ ያልተገኘለት "አልታወቀም" ተብሎ እንደሚቀመጥ እቴ ራሷ አምናለች። ስለዚህ ከሰባቱ ቀን አምስቱን ተከራካሪው ይክፈል፣ ሁለቱን የአራዳው ልጅ።

ተከራካሪው_ራሱ | 3:53

አራት ለሦስት!

ጋሼ_ከደምቢያ | 3:58

አምስት ለሁለት ነው። መምህር ፈርዷል።

የአራዳው_ልጅ | 4:04

ተስማምቻለሁ። ነገ 11 ሰዓት፣ ያው ጁስ ቤት። የባጃጁ ወንድሜ አንተም ናልን፤ መጀመሪያ የመለስከው አንተ ነህ፣ የመጀመሪያው ስኒ ያንተ ነው። ጋሼ፣ ከደምቢያ ሲመጡ ይደውሉልን፣ ለአንቱ ሻይ በዳቦ ነው።

ባጃጅ_ነጂው | 4:10

እመጣለሁ። ጁስ ቤቱ ፊት ለፊት ማቆሚያ የለም፣ ታች ነው የምቆመው። አምስት ስድስት ባጃጅ ተደርድሮ ታገኛላችሁ። የኔዋ ከኋላ በግራ በኩል የተመታችዋ ናት።